ሙሽራው የደረደራቸው ጋኖች

ሦስተኛው ጋን ሲፈነዳ እትዬ አንጓች ከእሳቱ ፈቀቅ አላሉም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። አማቻቸው ጫንያለው ደግሞ ከኋላቸው ቆሟል፣ በሙሽራ ኮቱ፣ መሬት መሬቱን እያየ። ድው! አራተኛው ሄደ። ስብርባሪው ተስፈንጥሮ ጎኑ ያሉትን ሁለት ድስቶችም ይዟቸው ሄደ።

ኧረ ቆይ፣ ስቸኩል ከመሀል ጀመርኩት። እኛ መንደር፣ ጭቃ በር ውስጥ፣ የሰው ዕቃ ሳያስፈቅድ የሚያስተካክል ሰው ሲገኝ የምንላት አንድ አባባል አለች። ትልቁም ትንሹም ይላታል፣ ከየት እንደመጣች ግን ብዙው ሰው አያውቅም። እኔ ከአክስቴ ከፈንታዬ ነው የሰማሁት። አክስቴ የእትዬ አንጓች ጎረቤት ነበረች፤ የዛን ቀን እሳቱ ውስጥ እንጨት ስትጨምር የነበረችው ራሷ ናት። እና አባባሏን ወደኋላ ላቆያትና መጀመሪያ ነገሩን ልንገራችሁ።

እትዬ አንጓች ሸክላ ሠሪ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ጭቃ ረግጠዋል። የሳቸው ጋን ጠላ ከተጠመቀበት አያፈስም፣ አይሰነጠቅም ይባላል። የዛን ዓመት ለደብሩ ንግሥ ዘጠኝ ጋን ታዘዙ። ያዘዟቸው አያ ቢምረው ናቸው፣ የድግሱ ኃላፊ። ቅዳሜ ጠላው መጠመቅ አለበት፣ ስለዚህ ሐሙስ ጋኖቹ ከእሳት መውጣት አለባቸው።

በዛው ሳምንት ደግሞ ልጃቸው የዝና ከነባሏ መጣች። ተድራ ገና አንድ ወሯ ነው። ባሏ ጫንያለው ከተማ ውስጥ መጋዘን ጠባቂ ነው። ጥሩ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም፤ ግን የተዘበራረቀ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። መጋዘኑ ውስጥ ሳሙና ከሳሙና፣ ዘይት ከዘይት፣ ትልቁ ካርቶን ከኋላ፣ ትንሹ ከፊት። አለቃው ሰው ሲመጣ ሁሉ "ኑ የጫንያለውን አደራደር እዩ" ይላሉ። በቃ፣ ለሱ መደርደር ማለት ያ ነው። ሌላ ዓይነት መደርደር ይኖራል ብሎ አስቦም አያውቅም።

እኛ አገር ደግሞ ሙሽራ አማቱ ቤት ሥራ አይነካም። ነውር ነው። እንጨት ቢያነሳ እንኳን "ልጃችንን ሰጥተን ሎሌ አመጣን ወይ?" ይባላል። አማቱ ፊትም ቀና ብሎ አያወራም። ቁጭ ይላል፣ ይበላል፣ ሲጠይቁት አጎንብሶ "እግዜር ይመስገን" ይላል፣ አለቀ።

እሮብ ለታ የመንደሩ ትልልቅ ሰው ሁሉ ለቅሶ ሄደ። የዝና ሹሩባ ልትሠራ ጎረቤት ገባች። ጫንያለው ብቻውን ቀረ። ለአራት ቀን ተቀምጦ ወገቡ ደርቋል። ተነሳና ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ሲያይ ጓዳው ውስጥ ገባ።

ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ያልተተኮሰ ሸክላ ጓዳውን ሞልቶታል። ጋን፣ ከጋኑ ጎን ድስት፣ ከድስቱ ጎን ገንቦ፣ ከዛ ደግሞ ሌላ ጋን፣ ከዛ ሁለት ትንንሽ ማሰሮ፣ ከዛ እንደገና ጋን!

"ወይ እማማ! የሚያግዛቸው ሰው አጥተው" አለ ለራሱ።

ኮቱን አወለቀ። በሩን ገርበብ አደረገ፣ ሰው እንዳያየው። ከዛ በሁለት እጁ እያቀፈ፣ ልክ እንደ ሕፃን፣ አንድ በአንድ አነሳቸው። ጋኖቹን ሁሉ ወደ ግድግዳው፣ ገንቦዎቹን መሀል፣ ድስትና ማሰሮውን ከፊት። አንድም አልሰበረም! አክስቴ ሁሌም እዚህ ጋ ስትደርስ ትስቃለች፣ "እጁ እንኳን ጥሩ ነበር" እያለች። ሲጨርስ በሩ ላይ ቆሞ አየው። ቀጥ ያለ መስመር። እጁን ታጥቦ ኮቱን ለበሰና ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ። "ማን እንደሠራው ሳይታወቅ ይደሰታሉ" ብሎ ነው ያሰበው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጋን ወፍራም ነው። ከላዩ ደርቆ፣ ነጥቶ፣ ሆዱ ግን ገና እርጥብ ሊሆን ይችላል። በዓይን አይታወቅ፣ በእጅ አይታወቅ። እርጥቡ እሳት ከገባ ደግሞ ይፈነዳል፣ አጠገቡ ያለውንም ይጨርሳል። እትዬ አንጓች ደግሞ ማንበብ አይችሉ፣ ምልክት አያደርጉ። የሳቸው ምልክት ቦታው ነው። መጀመሪያ የሠሩትን ግድግዳው ጋ ያስቀምጣሉ፣ የሚቀጥለውን ከሱ ፊት፣ እንደዛ እያሉ ወደ በሩ ይመጣሉ። ግድግዳው ጋ ያለው የወር ነው፣ በሩ ጋ ያለው የትናንት። ዘጠኙን ጋን ቀድመው ሠርተው ነበር፣ በየቀኑ ከሠሩት ድስትና ማሰሮ ጋር ተሰባጥረው ከኋላ ተቀምጠዋል። ከዛ ወዲህ ደግሞ ለገበያ ብለው ሌላ ሰባት ጋን ሠርተዋል፣ በሩ ጋ።

ጫንያለው አሥራ ስድስቱንም አንድ ላይ ቀላቀላቸው።

ሐሙስ ጠዋት ነው። አክስቴ እንጨቱንና ኩበቱን ሸክላው የሚተኮስበት ጉድጓድ ጋ ከምራለች። እትዬ አንጓች ጋኖቹን ሊያወጡ ጓዳ ገቡና ቆሙ። ከዛ ድምፃቸው ወጣ።

"ፈንታዬ! ይሄን ማነው የነካው?"

"እኔ አልነካሁም እትዬ። ትናንት አብረን ለቅሶ ነበርን እኮ።"

"የዝና?"

"እኔም አልገባሁም እማ። ጎረቤት ነበርኩ።"

ጫንያለው እዛው የጓዳው በር ጋ ተቀምጧል። ሁሉንም ይሰማል። አፉን ሊከፍት ነበር፣ ለአክስቴ በኋላ እንደነገራት ማለት ነው። ግን ሙሽራ ጓዳ ገብቶ ዕቃ ሲያነሳ ዋለ መባሉ አሳፈረው። "ምናለ፣ ቦታቸው ተቀየረ እንጂ ምን ሆኑ?" አለ በሆዱ። እሱን ማንም አልጠየቀውም፤ ሙሽራን ማን ይጠይቃል?

እትዬ አንጓች ግንባራቸውን ያዙ። "እንግዲያው እኔው ነኝ" አሉ ቀስ ብለው። "እኔው ደርድሬ እኔው ረስቼው ነው። አረጀሁ በቃ።"

ይሄንንም ሰማ። አቀርቅሮ እንደተቀመጠ ቀረ።

ጊዜ የለም፣ ቅዳሜ ደርሷል። "ግድግዳው ጋ ካሉት ደረቅ የሚመስሉትን ዘጠኝ አውጡ" አሉ። ወጡ። ሦስት ድስትም ጎን ለጎን ገባ። እሳቱ ተለኮሰ። የቀረውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። አምስቱ ጋን ራሳቸው ፈነዱ፣ ሌላ ሁለት ደግሞ በነሱ ስብርባሪ ተመተው ተሰነጠቁ። የዳኑት ሁለት ብቻ።

አያ ቢምረው አራት አህያ እየነዱ ሲደርሱ እትዬ አንጓች አመዱ ዳር ተቀምጠዋል።

"አንጓች! ምን ጉድ ነው ይሄ?"

"እርጥብና ደረቁን መለየት አቃተኝ አያ ቢምረው። እጄ አለቀ። ጭንቅላቴም አለቀ። ከእንግዲህ ወንዝ ማዶ ያለችውን ልጅ ይዘዙ፣ እኔ ይብቃኝ።"

"እረፊ እንግዲህ። አርባ ዓመት ሠርተሻል፣ ማንም አይወቅስሽም።"

ይሄ ሲባል ይብሳል፣ አይደል? እትዬ አንጓች ከጉያቸው ለስላሳ ጥቁር ድንጋይ አወጡ፣ ሸክላ የሚያለሰልሱበትን። ለአክስቴ ዘረጉላት። "የእናቴ ነበር። የዝና ከተማ ናት፣ ምን ታደርግበታለች? አንቺ ውሰጂው።"

አክስቴ እጇን አልዘረጋችም። አለቀሰች እንጂ።

የዛኔ ነው ከኋላ አንድ ድምፅ የተሰማው።

"እኔ ነኝ።"

"ማነው?" አሉ አያ ቢምረው፣ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ይላል።

"እኔ ነኝ። ትናንት ጋኖቹን የደረደርኳቸው እኔ ነኝ።"

"ሙሽራው? ሙሽራ ጓዳ ምን ሊሠራ ገባ?"

"ላስተካክል ብዬ።"

"ምን ተበላሽቶ?"

የዝና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እትዬ አንጓች ተነሱ። ወጉን ትተው ፊት ለፊቱ ቆሙ።

"ጠዋት ስጠይቅ እዛ ነበርክ ልጄ?"

"ነበርኩ።"

"ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"አረጀሁ ስልስ?"

"እሱንም ሰምቻለሁ" አለ።

"ጋን ጭቃ ነው፣ ተመልሶ ይሠራል" አሉ እትዬ አንጓች። "ግን ራሴን ስጠራጠር ቁጭ ብለህ እያየኸኝ..." አልጨረሱትም። ድንጋዩን መልሰው ጉያቸው ከተቱት፣ እና አክስቴ እንደምትለው፣ እንደዛ ተናደውም ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ቀለል አለ። ለካ አላረጁማ።

አክስቴ ግን አልለቀቀችውም። "ና ሙሽራዬ፣ ጎበዝ ደርዳሪ! ጓዳ ግባና የቀሩትን በየቦታቸው መልሳቸው። የትኛው የት ነበር?" ገባ። አንዱን ጋን አነሳ፣ አሰበ፣ አስቀመጠ። ሌላውን አነሳ፣ አስቀመጠ። አንዱንም አላስታወሰም። ሁሉም አንድ ዓይነት ቀጥ ያለ መስመር ላይ ነበሩ። የቀሩት ሰባቱ ጋኖች ሌላ አንድ ወር ሳይነኩ እንዲቆዩ ተወሰነ።

ንግሡ ግን ወር አይጠብቅም። አያ ቢምረው የአህዮቹን ገመድ ለጫንያለው ሰጡት። "በል፣ ሰባት ጋን ከየቤቱ ለምነህ ታመጣለህ። እኔ መንገድ አሳይሃለሁ።" ሙሽራ፣ በኮቱ፣ አህያ እየነዳ! መንደሩ በሙሉ ደጅ ወጥቶ ያያል። በየበሩ ደግሞ ያችው ጥያቄ ናት። "ውይ፣ የአንጓች አማች አይደለም እንዴ? ሙሽራ ምን ሆኖ አህያ ይነዳል?" በየበሩ አንገቱን ደፋ። መጋዘን ውስጥ ሲያመሰግኑት የለመደ ሰው!

ሰባተኛው ቤት ላይ አንዲት ሴት ጋኗን አቅፋ ብቅ አለችና "ምነው ልጄ፣ ምን አጥፍተህ ነው?" አለችው። አሁንም አንገቱ ተደፋ። ልትደግምለት ስትል አያ ቢምረው ትክት አላቸውና በሱ ፈንታ ጮክ ብለው መለሱላት፣ "ሳይጠይቅ ደርድሮ፣ ሲጠየቅ አቀርቅሮ!" አባባላችን ከዛች ቀን ጀምራ ናት።

እናንተስ? እዛች የጓዳ በር ላይ፣ የሙሽራ ኮት ለብሳችሁ፣ አማታችሁ "ማነው የነካው?" ቢሉ፣ አፋችሁን ትከፍቱ ነበር?