የአጋዘኗ ልጅ ቃጭል

ተረት ተረት፤ በር የሌለው በረት።

«እማ፣ እኔ የማን ነኝ?» ሲል አንድ አመሻሽ ላይ አጋዘኗን ልጇ ጠየቃት።

በጨቅላነቱ ባሕር ተሻግረው የመጡ አዳኞች ማርከውት፣ እንደ ውሾቻቸው አንገቱ ላይ ቃጭል አስረው አሳድገውት ነበር። አዳኞቹ አገሩን ሲለቁ ወደ እናቱ ተመለሰ፤ ቃጭሉ ግን አልወልቅ አለ። ሲራመድ ቃጭሉ በጮኸ ቁጥር መንጋው ውሾቹ የመጡ እየመሰለው ይበረግጋል።

«ነገ ዳገቱን ስንወጣ እሱ ይቅር፤» አለ መሪው አያ ቀንዶ።

«ወዶ አሰረው እንዴ፣ አያ ቀንዶ?» አለች እናቲቱ።

«ወዶስ አላሰረውም። እግራችን ግን ይህን አይሰማም።»

እሷም ቃጭሉ የላጠውን የልጇን አንገት እየላሰች፣ «የኔ ነህ፤ ፈጣሪ ሲሰጠኝ ቃጭል አልነበረህም፤» አለችው።

በማግስቱ ማለዳ መንጋው ዳገቱን ሲወጣ፣ እሷ ቃጭሉን እንዳይጮህ በአንገቷ ተጭና ከልጇ ጋር ቀስ እያለች ከዳገቱ ሥር ወዳለው ምንጭ ወረደች።