አልነሳ ያለችው የቆርቆሮ አውሮፕላን

ተረት ተረት።
የመርከብ በረት።

ባሕር የሌለው ባሕር ኃይል ጡረታ ሲወጣ የት ይሄዳል? ቢሾፍቱ፣ ወይዘሮ አልጋነሽ ቤት፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ።

ባለቤታቸው ሻምበል ድንበሩ የድሮ መርከበኛ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ አንጥፈው፣ ከእንጨት መርከብ ጠርበው፣ ከቆርቆሮ አውሮፕላን ቀጥቅጠው የባሕርና የአየር ውጊያ ጨዋታ ፈጠሩ። ደንቡ ግማሽ ገጽ ነበር፦ አውሮፕላኗን አንሣ፣ ዳይስ ወርውር፣ ስድስት ከመጣ የጠላት መርከብ ሰጠመ። አምስት የጦር ጓደኞቻቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ «ይሄማ እውነት አይመስልም!» አሉ። በየቅዳሜው ደንብ ተጨመረ። ደንቡ ሦስት ደብተር ሞላ፤ ነዳጅ ለኪ፣ ነፋስ ተመልካች እየተባለም ሥራው ለአምስቱ ተከፋፈለ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት አውሮፕላን እንኳ ከጠረጴዛው አልተነሳችም።

የሻምበል ልብ ደግሞ ደከመ። ሐኪሙም ብዙ ተስፋ አልሰጠም። አንድ ቅዳሜ ብርድ ልብስ ለብሰው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ «አልጌ» አሉ ሚስታቸውን፣ «ሳልሞት አንዲት አውሮፕላን ስትነሳ ባይ ምን አለ?»

«እሷማ ምን ትቸግራለች!» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ፤ አውሮፕላኗን ወደያዙት ወደ ሻለቃ ይልቃል ዞረው። «ሻለቃ፣ ያንሷት እስቲ። ሻምበል ስትነሳ ማየት አማራቸው።»

«ነዳጅ ሳይለካ? እትዬ አልጋነሽ፣ እኔ አብራሪ ነበርኩ እንጂ አሞራ አልነበርኩም!»

ወደ ነዳጅ ለኪው ሄዱ። «ባሻ ገለታ፣ ነዳጁን ይለኩ። አውሮፕላኗ አልነሳ አለች፣ ሻምበል ስትነሳ ማየት አማራቸው።»

«ነፋሱ ከፊት ይሁን ከኋላ ሳላውቅ? ሁለተኛው ደብተር፣ ገጽ አርባ!»

ወደ ነፋስ ተመልካቹ ሄዱ። «አቶ እሸቴ፣ ነፋሱን ይንገሩን። ነዳጁ አልለካ አለ፣ አውሮፕላኗ አልነሳ አለች፣ ሻምበል ስትነሳ ማየት አማራቸው።»

አቶ እሸቴ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ወደ ኮርኒሱ ቀሰሩ። «መርከቧ ወዴት እንደዞረች ሳይነገረኝ? ነፋስ እኮ በመርከቧ አፍንጫ ነው የሚለካው።»

ወደ መርከቧ አዛዥ ሄዱ። «ኮማንደር ወንድይራድ፣ መርከቧን ያዙሯት። ነፋሱ አልታወቅ አለ፣ ነዳጁ አልለካ አለ፣ አውሮፕላኗ አልነሳ አለች፣ ሻምበል ስትነሳ ማየት አማራቸው።»

«ጠላት የት እንዳለ ሳላውቅ? መርከብ እኮ ናት፤ ጋሪ መሰለችዎት?»

ወደ ራዳሩ ሄዱ። ራዳሩ የተገለበጠ የሾርባ ሳህን ነው፤ ባለቤቱ ሃምሳ አለቃ ዑመር። «ሃምሳ አለቃ፣ ጠላትን ይዩልን። መርከቧ አልዞር አለች፣ ነፋሱ አልታወቅ አለ፣ ነዳጁ አልለካ አለ፣ አውሮፕላኗ አልነሳ አለች፣ ሻምበል ስትነሳ ማየት አማራቸው።»

«ጠላት ከአድማስ ወዲያ ነው እትዬ። ራዳሬ አድማስ አያልፍም። መሬት ክብ ናት፤ ሦስተኛው ደብተር።»

«ጠረጴዛው ዝርግ ነው!»

«ደንቡ ክብ ነው ይላል። ጠላትን የምታይልን አውሮፕላን ብቻ ናት። መጀመሪያ አውሮፕላኗ ትነሳ።»

ራዳሩ አላይ አለ፣ መርከቧ አልዞር አለች፣ ነፋሱ አልታወቅ አለ፣ ነዳጁ አልለካ አለ፣ አውሮፕላኗ አልነሳ አለች፤ አውሮፕላኗ አልነሳ ስላለች ራዳሩ አላይ አለ። አምስቱ ሽማግሌዎች በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ማለት እንዲህ ነው!»

ሻምበል ድንበሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ይሄኔ ወይዘሮ አልጋነሽ ጠረጴዛውን መቱ፤ መርከቦቹ ዘለሉ። «ሃምሳ አለቃ ዑመር! በደጉ ጊዜ፣ በእውነተኛው ባሕር ላይ፣ ራዳሩ አላይ ሲልዎት ምን ያደርጉ ነበር? እውነቱን ይንገሩኝ!»

ሃምሳ አለቃ ግራና ቀኝ አዩ። «እ… እገምት ነበር።»

«ኮማንደርስ?»

«እሱ ወደገመተው አዞር ነበር» አሉ ኮማንደር፣ ጺማቸውን እያከኩ።

«ይሄ በየትኛው ደብተር ተጽፏል?»

ደብተሮቹ ተገላበጡ። በአንዱም የለም።

«እንግዲያው ዋናው እውነት ከደንቡ ቀርቷል፤ ይገምቱ!»

ሃምሳ አለቃ «ከጨው ዕቃው ጀርባ!» ብለው ገመቱ። ራዳሩ ሲገምት መርከቧ ዞረች፣ መርከቧ ስትዞር ነፋሱ ታወቀ፣ ነፋሱ ሲታወቅ ነዳጁ ተለካ፣ ነዳጁ ሲለካ አውሮፕላኗ ተነሳች! ሻለቃ ይልቃል በሁለት ጣታቸው አንሥተው፣ በከንፈራቸው «ብርርርር» እያሉ፣ በሰማያዊው ጨርቅ ላይ አበረሯት።

ሻምበል ዓይናቸውን ገልጠው ዳይሱን ወረወሩ። አንድ መጣ። ቦምቡ ባሕር ገባ።

«ዒላማውን ሳቱ!» ብለው ጮኹ ጓደኞቻቸው።

ሻምበል እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንደ እውነቱ! ልክ እንደ እውነቱ! አልጌ፣ ስትነሳ አየሻት?»

«አየሁ» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ዓይናቸውን ከባላቸው ፊት ላይ ሳይነቅሉ።

ተረቴን መልሱ፣
ደንቡን ቀንሱ።