የቦራ ዓይኖች

በድሮ ዘመን፣ ነብር በሰው ደጅ እንደ ድመት በሚያልፍበት ዘመን፣ እንግዳሸት የሚባል ሠዓሊ ነበር። እጁ ዝግ ያለ፣ አፉ ቁጥብ ነው፤ ዓይኑ ግን ያየውን አይለቅም።

ሥራው ምን መሰላችሁ? አደንና የአደን ውሾችን መሳል ነው። በየመኳንንቱ አዳራሽ ውሻ ይስላል፣ ድኩላ ይስላል፣ ሣር ይስላል። ዓይን ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። ዓይናቸው ከተሳለ ውሾቹ አይያዙማ፤ ጎህ ሲቀድ ከግድግዳው ወርደው ሜዳውን ዞረው ይመለሳሉ፤ ጠዋት የተሳለው እግራቸው ጤዛ ነክቶት ይገኛል ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ያየ ሰው ግን አውቃለሁ።

አንድ ቀን ፊታውራሪ ጓንጉል የሚባሉ ጌታ አስጠሩት። ጉረኛ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን መሳምም አይሆንላቸው። ከእግራቸው ሥር ቦራ የሚባል ግንባረ ነጭ ውሻ ታስሯል።

«ለብቻዬ ነብር ገደልኩ» አሉ። «ይህ ፈሪ ጥሎኝ ሸሸ። እኔ ስወጋ፣ እሱ ሲሸሽ አድርገህ ሳልልኝ። ሥዕሉ ያለቀ ቀን ውሻው ገደል ይጣላል።»

እንግዳሸት ጎንበስ ብሎ ውሻውን አየ። የሸሸ ውሻ ቁስሉ ከኋላው ነው። የቦራ ቁስል ደረቱና አንገቱ ላይ ነበር።

«ጌታዬ፣ ፊት ለፊት ልሳልዎ?»

«በጎን ነው እንጂ። አፍንጫዬ ሰልካካ መሆኑ በምን ይታወቅ?»

«በጎን?»

«በጎን አልኩህ።»

«በጎን ከሆነ እኮ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው።»

«የጓንጉል አንድ ዓይን የሌላውን አሥር ያህላል። ሳል።»

ሦስቴ ጠየቀ፣ ሦስቴ ተመለሰለት። ግድግዳውን በመጋረጃ ከልሎ ቀለሙን መፍጨት ጀመረ፤ ቢጫውን ከአፈር፣ ቀዩን ከድንጋይ፣ ጥቁሩን ከጥላሸት።

ፊታውራሪ መጡ። «አለቀ?» «የነብሩ ነጠብጣብ ይቀራል።» ሰንብተው መጡ። «አለቀ?» «የሣሩ ጫፍ ይቀራል።» ደግሞ መጡ። «አለቀ?» «የውሻው ዓይን ይቀራል።» «በል ዛሬ ጨርስ።»

ፀሐይ በመስኮት ገብታለች። ቦራ የእንግዳሸትን ጉልበት ተንተርሶ ተኝቷል። ሠዓሊው በያንዳንዱ ዓይን መሃል አንድ ጥቁር ነጥብ አሳረፈ። ሌላ አልጨመረም፤ ይህን ልብ በሉ። ከዚያ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። በሕልሙ ቦራን ተከትሎ ይሮጣል፤ ሣሩ ቢጫ፣ ሰማዩም ቢጫ፣ እግራቸው መሬት አይነካ። አንድ ወይራ ሥር ሲደርሱ ቦራ ቆመና ወደ ላይ አንጋጠጠ።

በማግስቱ ፊታውራሪ ደግሰው እንግዳ ጠሩ። መጋረጃው ተገለጠ።

በዚያ አገር ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን ነው የሚሳለው። ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሁሉ ያውቀዋል። ፊታውራሪ ለምድ ደርበው፣ ጦር ይዘው፣ በአንድ ዓይን ቆመዋል። ቦራ ግን ከነብሩ ወዲህ፣ ወደሚያየው ሰው ነው የሚሮጠው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

እማሆይ አጸደ የሚባሉ መነኩሲት ተጠጉ። «በአንድ ዓይን እኔ የማውቀው ይሁዳን ነበር» አሉ። ከዚያ የውሻውን ዓይን አተኩረው አዩ። «እዚህ ውስጥ ወይራ አለ። ወይራው ላይ ለምድ የደረበ ሰው ተንጠልጥሏል።»

እንግዶቹ ተራ በተራ እየተነሡ አዩ። መጨረሻ ላይ ፊታውራሪ ራሳቸው አዩ። በዓይኑ ውስጥ፣ ከወይራው ሥር ቦራ የነብሩን ጉሮሮ ይዞ ይታገላል፤ እሳቸው ዛፍ አቅፈዋል።

«ይህን አንተ ነህ የሳልከው?»

«እኔ ነጥብ ብቻ ነው ያሳረፍኩት ጌታዬ። የቀረውን ያየው እሱ ነው።»

ፊታውራሪ ተቀመጡ። «ዛፍ ላይ ነበርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «የወጋሁት ከሞተ በኋላ ነው። ውሻውን ፍቱት።»

ቦራ ሲፈታ መጀመሪያ የሄደው ወደ ፊታውራሪ ነው። እጃቸውን ላሰ። ከሥዕሉም፣ ከሰዉም ይልቅ ያሳፈራቸው ይኸው ነው፤ በነጠላቸው ተከናንበው አለቀሱ። ከዚያ ቦራ ሄዶ እንግዳሸት እግር ሥር ተኛ፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜም ከዚያ አልተነሣ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አፍ የለውም ብላችሁ ያዳናችሁን አትካዱ፤ ዓይን አለው።

ተረቴን ጨረስኩ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ግድግዳውን አትደገፉ።