የድንጉጦች ማኅበር

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት ትሉኛላችሁ፤ ዛሬ ግን ላሟ የለችም፣ ያለችው ጥንቸል ናት።

ይህች ጥንቸል ኮሽ ባለ ቁጥር ልቧ ድው ድው እያለ ከመንገድ ስለምትመለስ፣ ወንዝ ወርዳ ውሃ ከጠጣች ሦስት ቀን ሆኗት ነበር። ጎረቤቷ ኤሊ አዘነችላትና፣ «ከሾላው ሥር እንዳንቺ ያሉ ድንጉጦች በየሳምንቱ እየተገናኙ ያወራሉ፤ እስቲ ጎራ በይ» አለቻት።

ጥንቸል ሄደች። ሚዳቋ፣ ቆቅና ጃርት ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መቀላቀሉን ግን ፈራችና አጠገባቸው ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸጎጠች። እዚያም ሆና ስትንቀጠቀጥ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ።

«ጅብ ነው» አለች ሚዳቋ። ሦስቱም እግሬ አውጪኝ ብለው ፈረጠጡ። በደነገጡ ቁጥር የሚደበቁት ግን እዚያው ቁጥቋጦ ውስጥ ስለነበር ከጥንቸል ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለ ጃርት እያለከለከ። «ከእሾሄ ትንሽ ፈቀቅ በይ።»

«እኔ እኮ እናንተ የዳናችሁ መስሎኝ ነበር» አለች ጥንቸል።

«እዚህ መምጣት ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው፤ ዛሬም እሸሻለሁ» አለች ቆቅ። «ድሮ ግን ብቻዬን ነበር የምሸሸው።»

ጥንቸል ሳቋ አመለጣት። ያን ቀን አራቱም እየተንቀጠቀጡ ወንዝ ወረዱ፤ እሷም እስክትረካ ጠጣች።

በሳምንቱ ከሾላው ሥር ተቀምጠው ሳለ ቁጥቋጦው ኮሽ አለ። ሦስቱ ሊሸሹ ብድግ ሲሉ ጥንቸል፣ ልቧ ድው ድው እያለ፣ «ቆዩ እስቲ፣ አዲስ አባል ይሆናል» አለች።

ተረቴ አለቀ፤ እናንተም ፈቀቅ ብላችሁ ቦታ ስጡ።