የረድኤትን አንደበት ማን ፈታው?

በአንድ ወቅት፣ ደሴ ውስጥ፣ ረድኤት የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ሌላው ሰው በአፉ የሚያወራውን እሷ በጣቷ ታወራ ነበር። ስልኳ ላይ ስትጽፍ ቀልደኛ ናት፤ በክርክርም አትሸነፍም። ሰው ፊት ስትቆም ግን አንገቷን ትደፋለች፣ ቃል አይወጣትም። «ደህና ነሽ?» ላላት ሁሉ መልሷ ጭንቅላቷን መነቅነቅ ነበር።

እንዲህ የሆነችው ሰባተኛ ክፍል ሳለች ነው። እናቷ በሞተች ሰሞን መምህሩ አስነሥቶ ጥያቄ ጠየቃት። ልትመልስ ስትል ድምጿ ተሰበረና እንደ ጫጩት ሲጥ አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ሆነ። አባቷም ቀደም ብሎ ስለሞተ የምትኖረው ከእናቷ ወንድም ከአቶ ደርበው ጋር ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፤ የራሱም ልጆች ሞልተውታል። ረድኤት ጓዳው ጥግ፣ በመጋረጃ በተከለለች ቦታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስልኳን ታቅፋ ትውል ነበር።

ክረምት ሲገባ አንድ ደላላ ወደ ቤቱ መመላለስ ጀመረ። ልጅቷ ዐረብ አገር ሄዳ ሰው ቤት ትሥራ፣ ዕድሜዋን ከፍ አድርገን እናስጽፋለን አለ። አቶ ደርበው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኑሮ የከበደው ሰው ነበር እንጂ። ረድኤትን ጠርቶ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት። መሬት መሬቱን አየች። «በይ እንግዲህ፣ ዝምታ መስማማት ነው» አለና ለፓስፖርት ፎቶ እንድትነሣ አዘዛት።

መጋረጃዋ ውስጥ ገብታ «አልፈልግም» ብላ ስልኳ ላይ ጻፈች። ለክፍል ጓደኛዋ ለፎዚያ ላከችው፤ ከሥሩም «ለማንም እንዳትናገሪ» አለች።

ፎዚያ ተናገረች። በቀጥታ ወደ ረድኤት አክስት፣ ወደ አባቷ እህት ወደ እትዬ ብርቄ ሄዳ ነገረቻት። አክስቲቱም «የወንድሜን ልጅ ለባዕድ አትሰጣትም!» እያለች አቶ ደርበው ደጅ ደረሰች። እሱም «ያሳደግኋት እኔ ነኝ» አለ። ነገሩ ከረረና ሽማግሌ ተቀመጠ። እትዬ ብርቄ መልእክቱን ብታሳያቸውም ሽማግሌዎቹ አልተቀበሉም። «ስልክ ላይ ያለውን ማን እንደጻፈው ምን ይታወቃል? ልጅቷ ነፍስ ያወቀች ናት፤ በአፏ ትንገረን። ለጳጉሜን ቀጥረናል። ያኔም ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው» አሉ።

ረድኤት ይህን ስትሰማ እጅና እግሯ የታሰረ መሰላት። ማምለጫው አንድ ብቻ ነበር፤ መናገር።

እትዬ ብርቄ ልብስ ሰፊ ናት። ረድኤትን ሱቋ አስመጣቻትና ስልኳን ተቀብላ ኪሷ ከተተች። «ከዛሬ ጀምሮ ልክ የምትወስጂው አንቺ ነሽ» አለቻት። ልክ መውሰድ ሰውን ፊት ለፊት እያዩ መጠየቅ ነው፤ ይጥበቅ ወይስ ይላላ፣ እጅጌው ይርዘም ወይስ ይጠር። ረድኤት ሜትሩን ይዛ ድርቅ ስትል አክስቷ ጀርባዋን ሰጥታ የስፌት መኪናዋን ታስጮኻለች። ደንበኞች አጉረመረሙ፤ አንዷ ጥላ ወጣች። ረድኤት እያለቀሰች ልትሮጥ ስትል እትዬ ብርቄ በሩን ዘጋችባት። «ሰው አገር በር ተቆልፎብሽ ከምታለቅሺ እዚሁ አልቅሺ!» አለቻት። ብዙ ካለቀሰች በኋላ አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ መጣች። ረድኤት ቀና ብላ ፊቷን አየቻትና «ወገቡ ላይ ይጥበቅልሽ?» አለች። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ወጣ።

ጎረቤታቸው አባባ ይመር ዐይነ ስውር ናቸው። ማታ ማታ ከሱቅ ስትመለስ ደጃፋቸው ላይ ሆነው ኮቴዋን ይለያሉ። «ረድኤት ነሽ?» ይሏታል። ትነቀንቃለች። «ልጄ፣ መነቅነቅ እኔ ዘንድ አይሠራም» ብለው ይስቃሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። አይጣደፉም። እሷም አጠገባቸው ቁጭ ትላለች። አንድ ቀን «እስቲ መንገዱ ላይ ምን ይታያል?» አሏት። «ጭጋግ» አለች። ሌላ ቀን ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤቶቹን እንዴት እንደዋጠ ነገረቻቸው። እያለ እያለ ለማንም ያልነገረችውን፣ የእናቷን አሟሟትና የክፍሉን ሳቅ አጫወተቻቸው። እስክትጨርስ ጠበቋት። «ይሄ ነው ድምፅሽ? ማን አባቱ ነው የሳቀበት?» አሉ።

ፎዚያና ረድኤት ግን ተኳርፈው ነበር። ረድኤት ምስጢሯ ስለወጣ ተቀይማለች። ፎዚያ ደግሞ ሁለቱ ጠዋት ጠዋት በሚማሩት የክረምት ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ፣ ኩራተኛ፣ ስህተት የማትወድ ልጅ ናት። አንድ ጠዋት መምህሩ ጠይቆ ሳይጨርስ ተነሣችና ሆን ብላ የማይሆን መልስ መለሰች፤ ድምጿንም ሰባብራ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዞራ ረድኤት አጠገብ ተቀመጠች።

«ሳቁብኝ። ሞትሁ?»

ረድኤት ቀና አለች። «አልሞትሽም» አለች በአፏ።

ፎዚያ በማግስቱም ደገመችው። ቅጽል ስም ወጣላት፤ ስሙም እንደተለጠፈባት ቀረ። ክረምቱ ሲያልቅ መምህሩ ሲጠይቅ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተነሡና ረድኤት መለሰች። የሳቁ ነበሩ። መልሷን ግን ጨረሰችው።

ጳጉሜን ደረሰ። ዝናብ ነበርና ሰው ሁሉ አቶ ደርበው ቤት ውስጥ ተጠቅጥቋል፤ መላወሻ የለም። ትልቁ ሽማግሌ «ልጄ፣ ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም?» አሉ። ዝም አለች። ደገሙት። ዝም። አቶ ደርበው እፎይ አለ፤ ሽማግሌውም ሊፈርዱ እጃቸውን አነሡ።

ያኔ ረድኤት ቀና ብላ ፊታቸውን አየች። ቀጥላ ዐይኗን ጨፈነች። ድምጿ ሲጥ ብሎ ወጣ፤ በመስኮት የሚያዩ ልጆች ሳቁ። አላቆመችም።

«አልሄድም። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። መማር እፈልጋለሁ። ጋሼ፣ ስላሳደጉኝ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አልሄድም።»

አቶ ደርበው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «እንግዲያው ቤት ይፈለግላት፤ እኔ አልቻልሁም» አለ።

ሽማግሌው «አንደበቷን የፈታላት ሰው ይውሰዳት» ሲሉ ሦስት ሰው ተነሣ።

እትዬ ብርቄ፦ «ደሜ ናት። እንድትጠላኝ ፈቅጄ በር የዘጋሁባት እኔ ነኝ።»

አባባ ይመር፦ «እኔ ሰማኋት እንጂ አላስተማርኋትም። ከባለቤቴ ጋር ልጅ የለንም፤ ቤታችን ቤቷ ነው።»

ፎዚያ፣ እናቷን ከጎኗ አቁማ፦ «እኔ ባልናገር ዛሬ አውሮፕላን ላይ ነበረች። እናቴም ፈቅዳለች።»

ሰዉ አጉረመረመ። አክስቷ ለሱቁ እጅ ፈልጋ ነው አለ አንዱ። ከዐይነ ስውር ጋር ከዋለች ዳግመኛ ከሰው ዐይን ትደበቃለች አለ ሌላው። ምስጢር ያወጣ ነገም ያወጣል አለች አንዲት ሴት።

ረድኤት ተጠየቀች። አሁን ቃል አልጠፋባትም፤ የሦስቱም ስም ምላሷ ላይ ነው። የአንዱን መጥራት ሁለቱን መክዳት መሰላት። «እኔን አታስመርጡኝ፤ እናንተ ፍረዱ» አለች። ሽማግሌዎቹም እስኪመሽ ተከራከሩ፤ መስማማት ግን አቃታቸው።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ እስቲ ፍረዱ፦ በር ከዘጋችባት፣ ዝም ብለው ከሰሟትና ምስጢሯን አውጥታ ራሷን መሳቂያ ካደረገችላት መካከል፣ ረድኤት ለማን ትገባለች?