ፍም የማይወጣበት ማክሰኞ

ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

ክብሪት አገር ሳይገባ በፊት አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። አንድ ማክሰኞ ልጇ ትርንጎ ምጥ ይዟት፣ አንጓች ላይ ታች ስትል ምድጃዋን ረሳችው። ሕፃኑ በደኅና ተወለደ፤ እሳቱ ግን ሞተ። አራሷ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ጥርሷ ሲንገጫገጭ የማዶ ውሾች ሰምተው ጮኹ፤ ካላመናችሁ ውሾቹን ጠይቁ። አዋላጂቱ በጋቢ ጠቅልላ አቀፈቻትና፣ "ትኩስ አጥሚት ካልቀመሰች አልወድላትም፤ ቶሎ በይ!" አለች።

አንጓች የፈለገችው አንዲት ፍም ብቻ ነው። ገል አንሥታ ወደ ጎረቤቷ ወደ የሻረግ ሮጠች።

"የሻረግ፣ ባክሽ አንዲት ፍም!"

"በማክሰኞ? ማክሰኞ ፍም ከወጣ እኮ ላሜ ትነጥፋለች!"

"ማን አለሽ?"

"አማቴ ናቸዋ። እሳቸው ካሉ እኔ ማን ነኝ?"

አንጓች እያጉረመረመች ሄደች፦ የሻረግ ፍም አትሰጥ፣ ምድጃው አይነድ፣ አጥሚቱ አይፈላ፣ ትርንጎዬ አትሞቅ!

አማቲቱ እማማ ጣዲቄ ጥጥ ይፈትሉ ነበር።

"እማማ፣ ለምራትዎ አንዲት ቃል ይበሉልኝ።"

"ላሟ ብቻ መሰለችሽ? ጣራውም ይዘማል!" አሉ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ። "ቀጥቃጩ አያ ድንበሩ ነው የነገረኝ። እሱ ካልፈቀደ አልፈቅድም።"

እማማ ጣዲቄ አይፈቅዱ፣ የሻረግ ፍም አትሰጥ፣ ምድጃው አይነድ፣ አጥሚቱ አይፈላ፣ ትርንጎዬ አትሞቅ!

አያ ድንበሩ ከመንደሩ ዳር ወናፉን ይነፋል። እሳቱ ፀሐይን ያስቀናል።

"አያ ድንበሩ፣ ያን ሁሉ እሳት ታቅፈህ!"

"አንጀቴን አትብዪው፣ እኅቴ። የማክሰኞ ፍም ከወጣ መዶሻዬ ራሱ ተነሥቶ አናቴን ይለኛል።"

"ሲልህ አይተህ ታውቃለህ?"

"እንዴት አያለሁ? ሰጥቼ አላውቅማ! የኔታ ልሳኑን ጠይቂ፤ ከሳቸው ነው የሰማሁት።"

አያ ድንበሩ አይደፍር፣ እማማ ጣዲቄ አይፈቅዱ፣ የሻረግ ፍም አትሰጥ፣ ምድጃው አይነድ፣ አጥሚቱ አይፈላ፣ ትርንጎዬ አትሞቅ!

የኔታ ልሳኑ ዋርካ ሥር ፊደል ያስቆጥራሉ።

"የኔታ፣ ይሄ ነገር በመጽሐፍ አለ?"

"በመጽሐፍስ የለም" አሉ ጺማቸውን እያሻሹ። "በመጽሐፍ ያለውን ሰው ይረሳዋል፤ የሌለውን ግን አይረሳም። እኔ በልጅነቴ ከአባባ ጓንጉል ሰማሁት፤ እሳቸው ሳይፈቱት እኔ አልፈታውም።"

የኔታ አይፈቱ፣ አያ ድንበሩ አይደፍር፣ እማማ ጣዲቄ አይፈቅዱ፣ የሻረግ ፍም አትሰጥ፣ ምድጃው አይነድ፣ አጥሚቱ አይፈላ፣ ትርንጎዬ አትሞቅ!

አባባ ጓንጉል ከኮረብታው በጥቂት ዓመት ይበልጣሉ። ኮረብታው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። ነገሯን ሰምተው ከት ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ሳቃቸው ጠፋ።

"አዎ፣ ብያለሁ። በጋ ነበር፤ እህሉ ተከምሯል። አንዲት ሴት እንዳንቺው ፍም በገል ይዛ ስትሮጥ ነፋሱ አንዲት ፍንጣሪ ነጠቃት። ክምሩ ሁሉ ነደደ፤ የኔም፣ ያገሩም። ያን ክረምት በረሃብ ልጆቻችንን ቀበርን። 'ፍም አታውጡ!' ያልሁት ነፋሱን ፈርቼ ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ሰዉ ነፋሱን ረስቶ ማክሰኞን ያዘ።"

"ምነው አልነገሯቸውም?"

"አትፍረጂባቸው፣ ልጄ። ነፋስ አይያዝም፤ ማክሰኞ ግን ይያዛል። ልጁን የቀበረ ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።"

ጣታቸውን ልሰው ወደ ላይ ቀሰሩ። ቅጠል አይነቃነቅም።

"ዛሬ ነፋስ የለም። ፍምሽን ውሰጂ።"

"እኔን ማን ያምነኛል?"

"እንግዲያው እዘዪኝ!"

አዘለቻቸው። ከጤፍ ገለባ ይቀላሉ፤ ለእሷ ግን ያን ሰዓት ኮረብታውንም ብታዝል አይከብዳትም ነበር። ቁልቁል ስትሮጥ ሽማግሌው ከጀርባዋ ጣታቸውን ቀስረው፣ "ነፋስ የለም!" እያሉ ጮኹ።

ያኔ የኔታ ፈቱ። አያ ድንበሩ ደፈረ፤ መዶሻውን በእግሩ ረግጦ፣ "ከኔ ዘንድ ከወሰድሽ መንገድ ላይ ይሞትብሻል፤ ከቅርብ ውሰጂ" አለ። እማማ ጣዲቄ ፈቀዱ። የሻረግ ባንድ ዓይኗ ላሟን እያየች ፍም ሰጠች። ምድጃው ነደደ፣ አጥሚቱ ፈላ፣ ትርንጎ ጠጣች፤ ትርንጎ ሞቀች!

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር ፍም የምትሰጥ ሴት አስቀድማ ጣቷን ልሳ ትቀስራለች፤ ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶም ቢሆን። "ለምን?" ቢሏት፣ "ካልተላሰ ላም ትነጥፋለች" ትላለች።

አንድ ቀን የሻረግ በተራዋ ፍም ልትዋስ መጣች። አንጓች፣ "ነገሩ እኮ የነፋስ ነው" ብላ ልታስረዳት አፏን ከፈተች። የልጅ ልጇ ከምድጃው አጠገብ ጉንጩ ቀልቶ ይስቃል።

እሱን አየችና፣ ምን ይታወቃል ብላ አፏን ዘጋች። ጣቷን ላሰች።

ተረቴ አለቀ፤ የተዋሳችሁትን ጆሮ መልሱ።