ሃያ ሰባተኛዋ አጥንት

አንድ የሰው እጅ ሃያ ሰባት አጥንት አለው። ስምንቱ በእጅ አንጓ፣ አምስቱ በመዳፍ፣ አሥራ አራቱ በጣቶች ውስጥ ናቸው። በአንድ የጤና ኮሌጅ የሰውነት አካልን የሚያጠኑ ተማሪዎች እነዚህን አጥንቶች በእንጨት ሣጥን ይረከቡ ነበር። ደንቡ አጭር ነው። ሣጥኑ ከቤተ ሙከራ አይወጣም፤ ወጥቶ አንዲት አጥንት ከጎደለች ያወጣው ተማሪ ከኮሌጁ ይባረራል። ከሃያ ሰባቱ ትንሿ፣ በአንጓው ጥግ የምትቀመጠው፣ ከአንድ ፍሬ ሽምብራ አትበልጥም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የአንድ ሰው የወደፊት እንጀራ በአንዲት ፍሬ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከተማሪዎቹ መካከል ትርሲት የምትባል ልጅ ነበረች። መጽሐፉን በቃሏ ትወጣዋለች። የአጥንቶቹን ስም ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ቢጠይቋት አትስትም። መንካት ግን ትፈራለች። ያ የማን እንደሆነ የማይታወቅ እጅ አንድ ቀን መልሶ የሚይዛት ይመስላታል።

ሣጥኑን የተረከበች ዕለት መምህሯ ዶክተር መርዕድ «ቆጥረሽ ተረከቢ» አሏት። ክዳኑን ገለጥ አድርጋ ደርቃ ቆመች። ከኋላዋ ተራ የሚጠብቀው ናሁሰናይ፣

«እንዴ ትርሲት፣ ጨብጪው እንጂ! ሰው እጁን ዘርግቶ ሰላም ሲልሽ ትኮሪያለሽ?» አላት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«ሙሉ ነው፣ ዶክተር» አለችና ክዳኑን መለሰችው። መምህሩም ቀና ብለው ሳያዩ ስሟን ጽፈው ቀጣዩን ጠሩ።

የቃል ፈተና ደረሰ። በዚህ ፈተና ተማሪው በመምህሩ ፊት አጥንቶቹን ከሣጥኑ አንድ በአንድ እያነሣ ስማቸውንና ሥራቸውን ይናገራል። ትርሲት እጇ በጓደኞቿ ፊት ሲንቀጠቀጥ እንዳይታይ ስለ ሠጋች ለብቻዬ ሆኜ ልልመደው አለች። ሣጥኑን በቦርሳዋ ደብቃ ወደ ተከራየችበት ግቢ ይዛው ሄደች።

አከራይዋ እትዬ ስንዱ ይባላሉ። በዚያው ሰሞን አንድ ጎረቤታቸው አርፎ ሰፈሩ ድንኳን ተክሎ ነበር። የእድሩ ሴቶች ከቀብር ለሚመለሰው ለቀስተኛ ንፍሮ የሚቀቅሉት በእትዬ ስንዱ ግቢ ነው። ውሃው በትልቁ ብረት ድስት ይፈላል፤ ስንዴው ገብቷል፤ የተለቀመው ሽምብራ በሳፋ ሆኖ፣ ግቢው ስለ ጠበበ፣ በትርሲት ደጃፍ ላይ ተቀምጧል።

የትርሲት ክፍል መስኮት የለውም። ስለዚህ በሩን ከፍታ፣ መጋረጃውን ጣል አድርጋ፣ ደፉ አጠገብ ጨርቅ ዘረጋችና ሣጥኑን ዓይኗን ጨፍና ገለበጠችው። አጥንቶቹ ተንኮሻኮሹ። ገና አንዱንም ሳትነካ የእትዬ ስንዱ ዶሮ ሽምብራውን አይታ ወደ ሳፋው ዘለለች። «እሽ! እሽ!» ብሎ አንድ ሰው ሲያባርራት መጋረጃውን ጥሳ ገባች፤ በጨርቁ ላይ ክንፏን አራገፈች፤ አጥንቶቹ በያቅጣጫው ተበተኑ።

ትርሲት ሰው ሳያየኝ ብላ በጉልበቷ እየዳኸች ለቀመች። ሁለቱን የጣት አጥንቶች ያገኘቻቸው ሳፋው ውስጥ፣ ከሽምብራው ላይ ነው። ከአጥንቶቹም መሐል አንዲት የነጣች፣ የሻገተች የምትመስል ሽምብራ አገኘች፤ አንሥታ ለዶሮዋ ወረወረችላት። ወዲያው እትዬ ስንዱ ከምድጃው ዘንድ፣

«ትርሲት! ያን ሳፋ እስቲ አቀብዪኝ፣ እግሬ ከበደኝ» አሉ።

በገዛ እጇ አንሥታ አቀበለቻቸው። ሽምብራው ድስቱ ውስጥ ሲገባ ድምፁን ሰማች።

ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆጠረች። አጥንቶቹን በእጇ ስትነካ የመጀመሪያዋ እንደ ሆነ ያስተዋለችው ያን ጊዜ ነው። ሃያ ስድስት ሆኑ። እንደገና ቆጠረች፤ ሃያ ስድስት። ሣጥኑ ለእያንዳንዱ አጥንት ማረፊያ የሚሆን ትንሽ ጉድጓድ አለው፤ ባዶ የቀረችው የትንሿ አጥንት ጉድጓድ ነበረች። መጠኗ እንደ ሽምብራ፣ ቅርጿ እንደ ሽምብራ። በደጅ ድስቱ ይንተከተካል።

በዚያ ዓመት ፍርሃት በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ተምራለች። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ያመነጩትን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፤ ምራቅ ይደርቃል፤ የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ ደም ሆድን ትቶ ወደ እግር ይሄዳል፣ ሰው እንዲሮጥ። ሁሉም እንደ ተጻፈው ሆነባት። መጽሐፉ ያልነገራት ወዴት እንደሚሮጥ ብቻ ነበር።

ይህንንም አሰበች፦ «በጉድጓዷ አንዲት ሽምብራ ባስቀምጥ ማን ያውቃል? ነጭ ቀለም ብቀባት፣ ዶክተር ከጠረጴዛው ማዶ ሆነው አይለዩትም።» ሐሳቡ ቀላል ነበር። የቀለለበት ፍጥነት አስደነገጣት። ደግሞም ኮሌጁን ብታታልል ድስቱን ምን ታደርገዋለች?

ወጥታ ወደ ምድጃው ሄደች።

«እትዬ፣ ላማስልልዎ?»

«አንቺ? ሽንኩርት ላጪ ስትባዪ ፈተና አለብኝ የምትዪው?»

ጭልፋውን ተቀብላ ከሥር እያወጣች፣ ወደ ዓይኗ እያስጠጋች ታይ ጀመር። የተቀቀለ ሽምብራ ሁሉ አጥንት መሰላት። ወይዘሮ አስካለ የምትባል የእድሩ ሴት ሳቀች።

«ተያት እንጂ ስንዱ፣ ሐኪም አይደለች? ንፍሮውን እየመረመረችው ነው። ትኩሳት አለው በዪን፣ ዶክተሯ!»

ሴቶቹ የሐዘን ቀን ስለ ሆነ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። እትዬ ስንዱ ግን ከጭልፋው ቆንጠር አድርገው አፋቸው ውስጥ ጣሉ። አላመጡ፤ ዋጡ። «ጨው ያንሰዋል» አሉ። ትርሲት ጉሮሯቸው ከፍ ብሎ ሲወርድ አየች። በዚያ ጉሮሮ ውስጥ ያለውን ሁሉ በስም ታውቀዋለች፤ አንዱም ሊረዳት አልቻለም።

ለቀስተኛው ተመለሰ። እጁን ታጥቦ በድንኳኑ ተቀመጠ፤ ንፍሮው በሰፌድ ሆኖ ዞረ። መጀመሪያ የደረሰው ለሟቹ ወንድም ለአቶ ባዩህ ነበር። ሲያለቅሱ የዋሉ ሽማግሌ ናቸው። በመዳፋቸው ዘግነው ወደ አፋቸው አቀረቡ።

ትርሲት በአንድ በኩል ኮሌጁን አየች፤ በሌላው በኩል ያን መዳፍ። ሃያ ሰባቱም በቦታቸው ያሉበት፣ ወንድሙን ቀብሮ የመጣ እጅ ነው።

«አይብሉት!» አለች።

ሣጥኑን፣ ዶሮዋን፣ ሳፋውን፣ የጠፋችውን አጥንት አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። አቶ ባዩህ መዳፋቸውን ቀስ ብለው ዘረጉት፤ ፍሬው አንድ በአንድ መሬት ወደቀ። አንዲት ሴት ስታማትብ ታየች።

«ሰውዬው ማን ይባላል?» አሉ አቶ ባዩህ።

«የቱ ሰውዬ?»

«የአጥንቱ ባለቤት።»

«አላውቅም፣ አባባ። ማንም አያውቅም።»

«እኛ እንኳ የእኛን ስሙን ጠርተን ነው የቀበርነው» አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ሴቶቹ ንፍሮውን ሁሉ በሸራ ላይ ገልብጠው ፍሬ በፍሬ ለቀሙት። ስንዴውን ለብቻ፣ ሽምብራውን ለብቻ አድርገው እያንዳንዱን በጣታቸው ፈረጡት። አጥንት አልተገኘም። ያን ጊዜ ሁሉም ቀና ብለው እትዬ ስንዱን አዩ። ከዚያ ድስት የቀመሱ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እትዬ ስንዱ እጃቸውን በጉሮሯቸው ላይ አድርገው ወደ አጥሩ ጥግ ሮጡና አስመለሳቸው። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ሣጥንሽን ያዢ» አሉ። «ከዚህ ቤት ወጥተሻል። ግን መጀመሪያ ወደ መምህርሽ ትወስጂኛለሽ።»

ዶክተር መርዕድ በቤተ ሙከራው ጥግ ባለችው ቢሯቸው ነበሩ። እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ገቡና ከሰላምታ በፊት፣

«ዶክተር፣ እኔ ሰው በልቻለሁ። ምን ልሁን?» አሉ።

ትርሲት ሁሉንም ደግማ ተናገረች። ስትጨርስ «ደንቡን አውቀዋለሁ» ብላ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና እጇን አጣምራ ቆመች። ዶክተሩ ሣጥኑን ከፍተው ቆጠሩ፤ ሃያ ስድስት። ባዶዋን ጉድጓድ በጥፍራቸው ጫሩ። በጥፍራቸው ላይ ነጭ የቀለም ቅርፊት ተጣብቆ ወጣ። ትኩር ብለው አዩት።

«አጥንት ቀለም አይለቅም» አሉ። «ዶሮዋ ስትበትንብሽ፣ ከአጥንቶቹ መሐል ሌላ ነገር አግኝተሽ ነበር?»

«አንዲት ሽምብራ ብቻ። ነጣ ያለች፣ የሻገተች። ለዶሮዋ ጣልኩላት።»

ዶክተሩ ተነሥተው ከመደርደሪያው ሌሎቹን ሣጥኖች አወረዱ። ከእያንዳንዱ ትንሿን አጥንት እያነሡ በመዶሻ ጫፍ ጫን ይሏት ጀመር። የመጀመሪያዋ አጥንት ነበረች። ሁለተኛዋም አጥንት። ሦስተኛዋ ግን ለሁለት ተከፈለች፤ ውስጧ ቢጫ ነው። ነጭ ቀለም የተቀባች ሽምብራ ነበረች።

እትዬ ስንዱ ከጠረጴዛው ላይ ግማሿን አንሥተው አሸተቷት።

«ታዲያ እኔ የበላሁት?»

«ንፍሮ ነው።»

«ንፍሮ ብቻ?»

«ንፍሮ ብቻ፣ እትዬ።»

ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። ጥቂት ተነፈሱና፣ «እግዚኦ! ያን ሁሉ ንፍሮ መሬት ላይ ደፍተን ለቀስተኛውን በባዶ አፉ ሰደድነው!» ብለው ትርሲትን በዓይናቸው ወጉ። ወዲያውም በነጠላቸው ጫፍ እንባዋን ጠረጉላት።

የዶክተሩ ፊት ግን አልተፈታም። የቀረችውን ግማሽ ሽምብራ አነሡ።

«አንድ ተማሪ አጥንቷን ጣላት» አሉ። «እንዳይባረር ፈራ፤ ሽምብራ ቀባ። ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ይህችን እያነሡ ‹አጥንት ናት› ብለው ስሟንና ሥራዋን ነገሩኝ። እኔም ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ‹ትክክል› እያልኩ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋቸው። እነዚያ ልጆች ዛሬ ሐኪሞች ናቸው። የሰው እጅ ይዘው የሚዳስሱት ሽምብራ እየፈለጉ ነው።»

ሣጥኑን ዘግተው ወደ ትርሲት ዞሩ።

«የተረከብሽው ሃያ ስድስት ነው፤ የመለስሽውም ሃያ ስድስት። አላጎደልሽም፤ አትባረሪም። ሣጥኑን አውጥተሻል፤ ሳትቆጥሪም ‹ሙሉ ነው› ብለሻል። ስለ እነዚህ ሁለት ጥፋቶች ለፈተናው አትቀመጪም፤ ትምህርቱን በሚቀጥለው ዓመት ትደግሚዋለሽ። የእኔን ጥፋት ደግሞ እኔ ለዲኑ እናገራለሁ።»

ሒሳቡ ሲዘጋ እንዲህ ነው። ትርሲት አንድ ዓመት ከሰረች። ዶክተር መርዕድ ስማቸውን ከሰሩ፤ ከአሥራ ሁለቱ ሣጥኖች የትርሲትን ጨምሮ በሦስቱ የነበረው ሽምብራ ነውና። አንድ ድስት ንፍሮ መሬት ላይ ፈሰሰ። በትርፍ በኩል ትርሲት ኮሌጇንም ክፍሏንም አላጣችም፤ እትዬ ስንዱ ሣጥኑ ተመልሶ ግቢያቸውን እንዳይረግጥ አስምለው መልሰው አስገቧት። ከዚያ ወዲያ አጥንት ሲሰጧት ዓይኗን አትጨፍንም፤ ፍሬውን ሁሉ በጣቷ ትዳስሳለች።

ቁጥሩ ግን አልሞላም። በትርሲት ሣጥን ሽምብራ የተተካላት እውነተኛዋ አጥንት እስከ ዛሬ የት እንዳለች አልታወቀም። ትርሲት የጮኸችው እሷ ላላጠፋቻት አጥንት ነበር፤ ማንም ሰው አልበላም። እውነተኛዋ የጠፋች ቀን ግን የጣላት ሰው ዝም አለ። በዚያም ቀን በአንድ ግቢ አንድ ድስት ተጥዶ እንደ ሆነ፣ «አይብሉት!» ያለ አልነበረም።

የፈራ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ፍርሃቱን ይናገራል፣ ወይም ቀለም ቀብቶ ለቀጣዩ ያስረክባል። አንባቢ ሆይ፣ ከፊተኛው ሰው ተቀብለህ «ሙሉ ነው» ያልከውን ሣጥን ከፍተህ ቆጥረኸዋል?